ማሂን የማያውቀው ምስክር

ጀማለዲን ውሸታም ሰው አይደለም፤ ይህ አስቀድሞ ይታወቅለት። ሰንሻይን ካርቶን ፋብሪካ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ አንድ ቀን እንኳ ደህና ሆኖ ሳለ "አሞኛል" ብሎ ሲክ ሊቭ አልወሰደም። ሜልበርን ውስጥ እንዲህ ብሎ ደፍሮ የሚምል ስንት ሰው እንዳለ እንጃ። የደሴ ልጅ ነው፤ በወጣትነቱ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ንግግሩንም እንደ ጨርቅ ለክቶ የሚቆርጥ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ በፈረንጅ በዘጠና ስድስት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በገዛ በሩ ላይ ቆሞ ነጭ ውሸት የዋሸው። ያውም ለፖሊስ!

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምረው።

ሜድስቶን በሚባለው የሜልበርን ሰፈር ከጀማለዲን ቤት ሁለት ቤት አልፎ አምደሚካኤል የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ይኖራል፤ ታክሲ ነጂ ነው። ሁለቱ የተዋወቁት ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ የስደተኛ ድንኳን ውስጥ ነው። አንዱ እስላም አንዱ ክርስቲያን፣ አንዱ ዝምተኛ አንዱ ቁጡ፤ ግን የአንዱ ጉሮሮ ሳይረጥብ የሌላው አይረጥብም ነበር። የአምደሚካኤል ሚስት የሺሃረግ እዚያው ገዳሪፍ በወባ ሞተችበት፤ የአሥር ዓመት ሴት ልጅ ጥላ። ልጅቱ ማሂ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠጉሯን የሠራችላት፣ ስታድግም ሴት ለሴት የሚነገረውን የነገረቻት የጀማለዲን ሚስት ዙሃራ ናት። ለዙሃራና ለጀማለዲን አላህ የራሳቸውን ልጅ አልሰጣቸውም፤ ስለዚህ ማሂ የሁለት ቤት ልጅ ሆና አደገች። ቁርሷ እዚህ፣ ራቷ እዚያ ነው።

ያቺ ማሂ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላት፣ ከምትሠራበት ትልቁ የገበያ ማዕከል አንድ ቀን መጣችና "ፖሊስ ልሆን ነው፤ አፕላይ ላደርግ ነው" አለች።

አምደሚካኤል መጀመሪያ የቀለደች መስሎት ሳቀ። ኋላ እውነቷን መሆኑ ሲገባው የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እስኪጮህ ጮኸ። "ከወታደር ሸሽጌ፣ በረሃ አቋርጬ፣ እናትሽን አሸዋ ውስጥ ቀብሬ ያመጣሁሽ ለፖሊስ ልሰጥሽ ነው? እንደዚያማ ከሆነ እዚያው አገሬ ጣቢያ አስረክቤሽ በሰላም እቀመጥ አልነበር!" አላት። ማሂ ስትናደድ አማርኛዋ ይጠፋል። "ዲስ ኢዝ ኖት ዛት፣ ዳድ" አለችው። ይህ ያ አይደለም ማለቷ ነው።

ወሬው ቅዳሜ ሰንሻይን ሰፈር ካለው አዳራሽ ደረሰ። እዚያ በየሳምንቱ የአገር ሰው ተሰብስቦ ስለ ኪራይ፣ ስለ ሺፍት፣ ስለ መንግሥት ድጎማው ስለ ሴንተርሊንክ... አይ፣ ያኔ ሶሻል ሴኩሪቲ ነበር የሚባለው፤ ብቻ ስለዚሁ ያወራል። የዚያን ቀን ግን ወሬው ሁሉ ፖሊስ ሆነ። ከጀማለዲን ጋር ፋብሪካ የሚሠራው ቀነዓ፣ አፉ የማያርፍ ሰው፣ "ለመሆኑ ስልጠናው ስንት ወር ነው?" ብሎ ጀመረ።

"አምስት ወር ገደማ ነው አሉ።"

"አምስት ወር! እኔን ዕቃ ማንሻ መኪናው ላይ፣ ፎርክሊፍት ላይ ለማውጣት ከዚህ ያላነሰ ነው ያንገላቱኝ። ፎርክሊፍት ደግሞ አይተኩስም!"

ሰው ሳቀ። "ሩጫና አጥር መዝለልም ይፈተናሉ" አለ ሌላው።

እትዬ ለተጊዮርጊስ፣ የሁሉ ታላቅ ናቸው፣ ነጠላቸውን አጣፉና "በአጥር መዝለልማ ከሆነ አገር ቤት የነበረችኝ ፍየል ኮሎኔል ትሆን ነበር" አሉ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው። አንዱ "ፖሊስ የሚሆነው ሥራ ያጣ ነው" ሲል፣ ሌላው "የነሱ ፖሊስ ደግ ነው፤ የኛን ልጅ ግን ለታይታ ነው እንጂ ለሹመት አይወስዷትም" ሲል፣ ምርጫ ሳይደረግ፣ እጅ ሳይወጣ፣ ፍርድ ተሰጠ፤ ፖሊስ የሌላ ሰው ልጅ ይሁን፣ የኛ ልጅ አይሆንም። ያው ቀነዓ ባለፈው ወር መኪናው ሲሰረቅበት በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ነው ፖሊስ የጠራው፤ ይህን ያነሣበት ሰው የለም። ጀማለዲንም ዝም አይነቅዝም ብሎ ዝም አለ።

በሳምንቱ ማሂ ፎርም ይዛ ወደ እሱ መጣች።

"ጋሼ ጀማል፣ ሦስት ሬፈሪ፣ የሚመሰክርልኝ ሰው ያስፈልገኛል። የድሮ አስተማሪዬንና የሥራ አለቃዬን አግኝቻለሁ። ሦስተኛ እርስዎን ልጻፍ?"

"አባትሽ ምን ይላል?"

"አባባ አያናግረኝም።"

ፊቷን አየው። በገዳሪፍ ውሃ ሊቀዱ ሲሰለፉ ጀሪካኗን ለማንም አልሰጥም ያለችው ልጅ ናት፤ ምንም አልተለወጠችም። "ጻፊ ልጄ" አላት። ሬፈሪ ማለት እሱ የሚያውቀው የፋብሪካውን ነው፤ ስም ይጻፋል፣ ማንም አይጠይቅም፣ ወረቀቱ ፋይል ውስጥ ይተኛል። ፖሊስ ግን ሰው ሲቀጥር በር ያንኳኳል። ይህን የነገረው አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት ሆነ። ጀማለዲን የከሰዓት ሺፍት ነው፤ ዙሃራ የእንግሊዝኛ ክላሷ ሄዳለች። በሩ ሲንኳኳ ከፈተ። ግራጫ ሱፍ የለበሰ ረጅም ፈረንጅ ፋይል በብብቱ ይዞ ቆሟል። ከኪሱ የቆዳ ቦርሳ አውጥቶ ባጁን አሳየው። ጀማለዲን "ፖሊስ" የሚለውን ቃል ሰማ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ግማሹን አልሰማም።

"ማሕደር አምደሚካኤል የምትባል ልጅ ያውቃሉ?"

"ኖ" አለ ጀማለዲን።

ልቡ ገና ጥያቄውን እየሰማ ነበር፤ አፉ ግን መልሶ ጨረሰ።

ሰውየው ፋይሉን ገለጠ። "እርግጠኛ ነዎት? አሥራ ሁለት ዓመት ያውቁኛል ብላ ጽፋለች።"

"ኖ። ኔቨር።"

ፎቶ አወጣለት። ዙሃራ በእጇ የሠራቻት ሹሩባ ፎቶው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። "ኖ" አለ።

"አባቷንስ?"

"ኖ ፋዘር" አለ ጀማለዲን። ወይ ጉድ! ከሰውየው ትከሻ በላይ የአምደሚካኤል ቢጫ ታክሲ ቆሞ ይታያል፤ አምደሚካኤል ራሱ እዚያው ጎንበስ ብሎ ጎማ ይቀይራል። ጀማለዲን ዓይኑን ከዚያ አሸሸ። ሰውየው አመስግኖ ካርድ ሰጠውና ሄደ። በሩን ዘግቶ ካርዱን ወለሉ ላይ ጣለና ኮሪደሩ ላይ ቁጭ አለ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ጀማለዲን እባቡን ያየው ደሴ ነው፣ በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ። ያኔ ወጣት ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሲንጀሩን በረንዳ ላይ ዘርግቶ ይሠራል። ጎረቤቱ እታለም የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ዘርአይ የሚባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አላት። አንድ ቀን ሁለት ሰዎች ከቀበሌ መጡ። አልጮሁ፣ አልተቆጡ፤ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው "ዘርአይን ታውቀዋለህ? ምን ዓይነት ልጅ ነው?" አሉት። ቀበሌው ጸሐፊ ይፈልጋል የሚል ወሬ ነበርና ለሥራ የጠየቁለት መሰለው። የእናቱን ችግር ያውቃል፤ ልጁን ይወደዋል፤ አሞጋገሰው። "ምን ልበላችሁ፣ ጎበዝ ነው፣ ያነባል። ከእኩዮቹ ሁሉ ሰው የሚሰማው እሱን ነው" አለ።

"ሰው ይሰማዋል?" አለ አንደኛው።

"እንዴታ!" አለ ጀማለዲን። ጻፉት። አስፈረሙት። በማግሥቱ ዘርአይን ከቤቱ ወሰዱት። እታለም ሦስት ወር ስንቅ ይዛ ተመላለሰች፤ አንድ ቀን ስንቁን መለሱላት። ስንቅ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ ያን ጊዜ የኖረ ያውቀዋል። እታለም ጀማለዲን በረንዳ ላይ መጥታ እያለቀሰች "ማን ይሆን ልጄን የጠቆመብኝ?" ብትለው "እንጃ" አላት። ይህን ከዙሃራ በቀር የነገረው ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ የጀማለዲን ሕግ አንድ ነው፤ ፖሊስ ስለ ሰው ሲጠይቅህ አታውቀውም። የምትወደው ሰው ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አታውቀውም።

ዙሃራ ከክላስ ስትመለስ አሁንም ኮሪደሩ ላይ ነበር።

"ፖሊስ መጥቶ ነበር" አላት። "ስለ ማሂ ጠየቀኝ።"

"እሰይ! ምን አልከው?"

"አላውቃትም አልኩት።"

ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ወረወረችው። "አንተ ሰውዬ ጤና የለህም እንዴ? በእጄ አበጥሬ ያሳደግኳትን ልጅ? እሷ ራሷ እኮ ናት ያመለከተችው! ሊቀጥሯት ነው የመጡት!"

"ዘርአይንም ሊቀጥሩት መስሎኝ ነበር" አላት።

ዙሃራ ይህን ስትሰማ ጎንበስ አለች። ካርዱን ከወለሉ አነሣችና ቦርሳዋ ውስጥ አስቀመጠችው።

ሦስት ሳምንት አለፈና ደብዳቤው መጣ። ማሂ ይዛው ወደ ጀማለዲን ቤት ገባች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ማመልከቻሽ ተቋርጧል፣ በጽሑፍ የሰጠሽው ቃል ሲጣራ እውነት ሆኖ አልተገኘም ይላል ደብዳቤው።

"ሩጫው ቢያቅተኝ፣ ፈተናውን ብወድቅ አይቆጨኝም ነበር፤ ተለማምጄ እመለስ ነበር። ውሸታም ነሽ ነው ያሉኝ፣ ጋሼ ጀማል። ላየር! ከሬፈሪዎቹ አንዱ አላውቃትም ብሎ መሆን አለበት። እርስዎ ጋ የመጣ ሰው ነበር?"

ዙሃራ ከጓዳ ሆና አንገቷን አውጥታ ባሏን አየችው።

"የመጣ የለም" አለ ጀማለዲን።

ይኸኛውን በአፉ አያሳብብም። አስቦ ነው የዋሸው፤ አፍሮ ነው የዋሸው። ማሂ ዕንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ወጣች።

በማግሥቱ ደግሞ አምደሚካኤል አንድ ካርቶን ማንጎ በትከሻው ተሸክሞ እየሳቀ መጣ። ገና ከበሩ "ባለውለታዬ!" ብሎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። "ያን ቀን ጎማ ስቀይር ያ ግራጫ ሱፍ ከቤትህ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ደብዳቤውን ሳነብ ሁሉም ገባኝ። አንተ ብልህ! እኔ ስድስት ወር ጮኼ ያላስቆምኩትን በአንዲት ኖ አስቆምከው!"

"አምዴ፣ እኔ..."

"ዝም በል፣ ዝም በል! እኔ በዚህ ዓለም ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። አንዱ ሰካራም በጩቤ ቢወጋብኝስ? አንዱ እብድ ቢተኩስባትስ? ታክሲ ስነዳ ስንቱን አያለሁ መሰለህ። ልጄን አንተ ነህ ያተረፍክልኝ። ለሷ አንነግራትም፤ በኔና ባንተ መካከል ይቅር።" ዕንባ አቀረረ። ያ ቁጡ ሰው ሲያለቅስ ጀማለዲን ያየው የሺሃረግ የተቀበረች ቀን ብቻ ነው። ፈርቼ ነው እንጂ ላንተ ብዬ አይደለም ማለት ነበረበት፤ አላለም።

በመካከላችን ይቅር ያለው ራሱ አምደሚካኤል ለቀነዓ ነገረው። ቀነዓ የሰማውን ደግሞ ከከተማው ወዲያ ጫፍ፣ ዳንደኖንግ ያለ ሰው ይሰማዋል። ቅዳሜ ጀማለዲን አዳራሽ ሲገባ ሰው እየተነሣ ጨበጠው። "ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው!" አለ ቀነዓ። እትዬ ለተጊዮርጊስ እንኳ "ተባረክ፤ ልጃችንን አዳንክ" ብለው መረቁት። ጀማለዲን በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተመስግኖ አያውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ራሱን ጠልቶ አያውቅም። ከሁሉ የሚገርመው አንድ እንኳ "ልጅቱስ እንዴት ሆነች?" ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ልጅቱማ ለፈተናው ብላ ጠዋት ጠዋት በወንዝ ዳር የምትሮጠውን ተወች። ቁርስ መምጣትም ተወች። በመስኮቱ ስር ወደ አውቶቡስ ስታልፍ ጀማለዲን ያያታል፤ የሰረቀ ሰው ይመስል መሬት መሬት እያየች ነው የምትሄደው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ዙሃራ ካርዱን አውጥታ ፊቱ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

"ስማ ጀማል። አንዱን ልጅ እውነት ተናግረህ አጣኸው። ይችኛዋን ደግሞ ዋሽተህ ልታጣት ነው?"

"ብናገር አምዴ አይምረኝም።"

"አይምርህም። የአሥራ ሁለት ዓመት ወዳጅህን ታጣለህ፣ እኔም አልቅሼ እከርማለሁ። ካልተናገርክ ግን ማሂ ዕድሜዋን ሙሉ ውሸታም ተብላ ትኖራለች። ያንተን ውሸት ተሸክማ። ሐሰት መመስከር ምን እንደሆነ ለአንተ እኔ አልነግርህም።"

"ብናገርስና እንደዚያኛው ቢሆን?"

"እሱን አላህ ያውቃል" አለች ዙሃራ። "አንተ የምታውቀውን ተናገር።"

በአውቶቡስ ፉትስክሬይ፣ ከዚያ በባቡር መሐል ከተማ ወረደ። ካርዱ ላይ የተጻፈው የፖሊስ ፎቅ በር ላይ ዩኒፎርም የለበሱ ሲወጡ ሲገቡ አይቶ ሁለት ጊዜ ሕንፃውን ዞረው፤ በሦስተኛው ገባ። ካርዱን ሰጠ። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ጠጉሯ የሸበተ፣ መነጽር ያደረገች ሴት ሳጅን ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል ወሰደችው። የማሂ ፋይል በእጇ ነው። እንግሊዝኛው ሲያጥረው አይታ ስልክ ደወለችና ስፒከሩን ከፈተችው።

"ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣ አስተርጓሚ ነኝ" አለ የሴት ድምፅ። "የሚሉትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እናገራለሁ።"

"ልጅቱ አልዋሸችም በይልኝ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።"

"ለምን?" አለች ሳጅኗ።

ነገራት። ሲንጀሩን፣ አግዳሚውን፣ ሁለቱን ሰዎች፣ ዘርአይን፣ የተመለሰውን ስንቅ፣ እታለምን "እንጃ" ያላትን። አስተርጓሚዋ መካከል ላይ "አንድ ጊዜ ይታገሡኝ ጋሼ" አለችና ድምፅዋ ጠፋ፤ ስትመለስ ጉንፋን የያዘው ሰው ትመስል ነበር። ሳጅኗ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ነው የሰማችው። ሲጨርስ አዝናለሁ አለችው።

"ሩጫ የወደቀ ተለማምዶ ይመለሳል፤ ቃሉ ውሸት የሆነብንን ግን አንመልስም። ስለዚህ ነው በር የምናንኳኳው" አለች። "አሁን የሚያውቋት ከሆነ ያልተጠየቁት ጥያቄ አለ። ለሁሉም የምንጠይቀው ነው። ጥፋት አለባት?"

በአገሩ ወግ ለሰው የሚመሰክር ሰው የዚያን ሰው ጥፋት አያነሣም፤ ማንሣት ነውር ነው። ጀማለዲን ብዙ ተጨነቀ። "ግትር ናት" አለ። "በአሥራ ስድስት ዓመቷ፣ መንጃ ፈቃድ ሳይኖራት የአባቷን መኪና አስነሥታ አጥሬን ሰብራዋለች። አባቷ እንዳይሰማ እኔና እሷ ነን የጠገንነው።"

ሳጅኗ ገጽ ገልጣ አነበበችና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ማሂ ራሷ ሁሉንም ጽፋዋለች፤ አጥሩ የማን እንደሆነ ሳይቀር።

"እኩዮቿስ? ሰው ይሰማታል?"

አስተርጓሚዋ ይህን የተረጎመችው ቀስ ብላ ነው። እሷም ገብቷታል። ያው ጥያቄ ነው፤ አንድ ቃል እንኳ አልተለወጠም። ደሴ ላይ ልጅ የገደለ መልስ እዚህ ልጅ ሊያሾም ነው፤ ይህን እንዴት አድርጎ ይመን?

"ባልመልስስ?"

"ባዶ ይቀራል" አለች ሳጅኗ።

ግድግዳውን አየ። ስልኩን አየ። "ይሰማታል" አለ በመጨረሻ። "ሰው ሁሉ ይሰማታል።"

ጻፈችው።

"የእናንተ ሰዎች ፖሊስ ብትሆን ምን ይላሉ?"

"ይሸሿታል። ሠርግ ላይ አጠገቧ የሚቀመጥ አታገኝም። ቤታቸው ሲሰበር ግን ሁሉም ስልኳን ነው የሚፈልጉት።"

"እርስዎስ? ይፈሯታል?"

"ልብሱን እፈራዋለሁ፤ አልዋሽሽም። ግን ያን ቀን በሬ ላይ የቆመችው ማሂ ብትሆን ኖሮ፣ አላውቅም ስላት ፈርቼ መሆኑን ታውቅ ነበር። ያንቺ ሰው ግን አላውቅም ስለው አመነኝ።"

አስተርጓሚዋ ይህንንም ሳትጨምር ሳትቀንስ ተረጎመችው። ሳጅኗ ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋችው። ጀማለዲን ፈረመ።

ማመልከቻው እንደገና ሲከፈት የሆነው ሁሉ ወጣ። ማሂ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ አልተቀመጠችም። "ፖሊሱን የዋሹት ገብቶኛል" አለችው፣ ጥርት ባለ አማርኛ። "እኔን ለምን ዋሹኝ?"

"አፍሬ" አላት። ሁለት ሳምንት ጠፋች፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ምንም ሳትናገር ገብታ ቁርሷን በላች።

አምደሚካኤል ግን ስድብ እንኳ ነፈገው። ጀማለዲን በዚህ ሲመጣ እሱ በወዲያ ማዶ ይሻገራል። አዳራሹም ፊቱን አዞረ፤ ትናንት የጨበጡት እጆች ኪስ ገቡ። ማሂ ፈተናውን አለፈች፣ ስልጠናውን ጨረሰች፤ ምረቃዋ ላይ የሄዱት ዙሃራና ጀማለዲን ብቻ ናቸው። ዙሃራ እልል ስትል ፈረንጆቹ ዞረው አዩአት። አባቷ የዚያን ቀን ታክሲውን ሲነዳ ዋለ።

ማሂ ሥራ የጀመረችው አንድ ቅዳሜ ነው፤ ጠዋት ገብታ በዘጠኝ ሰዓት ትወጣለች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን አምደሚካኤል የጀማለዲንን ግቢ በር ከፍቶ ገባ። ከስምንት ወር በኋላ መሆኑ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል።

"ልጄን አንተ ነህ የሰጠሃቸው" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"ልጄ አንድ ነገር ብትሆን ከማን እጠይቃለሁ?"

ጀማለዲን ይህን ጥያቄ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲፈራው ኖሯል፤ ልትጠይቀው የሚገባት እታለም ሳታውቅ ቀረች። አሁን ሲመጣበት ግን አልሸሸም። "ከኔ ጠይቅ" አለው። "አውቃታለሁ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አትፈልግ።"

አምደሚካኤል ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። "እንግዲያው ጠየቅሁህ። ልጄ የት ናት?"

"ሥራ ላይ ናት።"

"መቼ ትመጣለች?"

"በዘጠኝ ሰዓት።"

ዙሃራ ምሳ አቀረበች፤ አልነኩትም። አምደሚካኤል በየሰዓቱ ቀና እያለ "ልጄ የት ናት?" ይላል፤ ጀማለዲንም "ትመጣለች" ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ተኩል ሆነ። አሥር ሆነ። አሁን አምደሚካኤል ሲጠይቅ ቁጣው ከድምፁ ወጥቶ ነበር፤ "ጀማል፣ ልጄ የት ናት?" አለ እንደሚለምን ሰው። ጀማለዲን "ትመጣለች" ማለቱን ተወ። ተነሥቶ ወደ ግቢው በር ሄደ። አምደሚካኤልም ተከተለው፤ ሁለቱም አጥሩን ይዘው መንገዱን ያዩ ጀመር።

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ የማሂ መኪና ከማዕዘኑ ታጠፈች።

ወርዳ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታይ ደነገጠች። "ምን ሆናችሁ? ፔፐርወርክ በዝቶብኝ ነው" አለች። አምደሚካኤል ከእግሯ እስከ ራሷ አያት፤ ቀስ ብሎ በእጁ ትከሻዋን ነካ፣ ክንዷን ነካ፣ እጣቶቿን አንድ በአንድ ያዘ። ከዚያ ወደ ጀማለዲን ዞረ።

"ነገም ትገባለች?" አለው፣ እሷ እዚያው ቆማ ሳለ።

"ትገባለች።"

"ከቅዳሴ መልስ መጥቼ እጠይቅሃለሁ።"

"ጠይቀኝ" አለ ጀማለዲን።